የቀለሙ ግራና ቀኝ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ለቀቀን። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ስትታዘበኝ የከረመችውን ሳይክሌን አወረድኳት። ካቴናዋ ዝጓል፤ እኔ ግን ከእሷ ብሼ ተገኘሁ። የአምናው ቁምጣ አልገባም አለኝ። በእጥበት ጠቦ መሆን አለበት። ባለቤቴ ከሪማ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝና «ይህን እንደለበስክ አላህ ነፍስህን ቢወስዳት፣ ሬሳህን አላውቀውም ነው የምለው» አለች።

ቀለሙ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀኝ ነበር። ሳይክል የጀመርነው አብረን ነው፣ ሱሪያችን ሳይረዝም። አሁን እሱ በራሱ ሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ያመላልሳል፤ እኔ ፒያሳ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሁለታችንም የምንኖረው ከሰው አፍ ጋር ስንታገል ነው። እሱ ግን የሚሰድቡትን ተሳፋሪዎች አፍ መዝጋት አይችልም፤ እኔ ጄሶ እሞላበታለሁ።

«ዛሬ አንተ ከፊት ሁን» አለኝ።

ገረመኝ። ዕድሜ ልኬን ሐይቅ ድረስ የማየው የእሱን መቀመጫ ነበር። ከፊቱ ሰው ሲሆን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። «አረጀህ?» አልኩት። «አዎ፣ አረጀሁ» አለ፣ ያለ ክርክር። ይሄ ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። ቢጫውን ጃኬቴንም እንዳላወልቅ ነገረኝ፤ ያምርብሃል አለኝ። ቢጫ ለብሼ የማምር ሰው አይደለሁም።

የቦሩ ሜዳን መገንጠያ ስናልፍ ገብሱ ላይ ውርጭ ነበር። ጣቶቼ ፍሬን መያዝ ረሱ። ሐይቅ ስንደርስ ግን ፀሐይዋ ወጣች፣ ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ዓሣ ጠባሿም ሥራ ጀምራለች። ቀለሙ ሊያወራኝ ዞር ሲል የሻይ ብርጭቆውን በክርኑ መትቶ አጠገባችን የተቀመጠ ሰውዬ ጭን ላይ ደፋው። ሰውዬው ዘለለ። «ክርንህ ሰክሯል» አልኩት። ተሳሳቅን። ጥሩ ቀን ነበር።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ከሠርጌ ቀን ወዲህ አልሳቅኩም፤ በሠርጌ ቀንም የሳቅኩት ሌሎች ሲስቁ ዓይቼ ነው።

ሳይክሎቹን ሚኒባሱ ላይ ጭነን ኮምቦልቻ ወረድን፣ ከዚያ በሐርቡ መንገድ ጋለብን። ሜዳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ደሴ ላይ የተቆለፈ ጉልበት ሁሉ እዚያ ይፈታል። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የመስኖ ቦይ አለ። ቦይ ዳር ካለችው ሾላ ሥር አረፍን። ቀለሙ ፊቱን ሊታጠብ ተነሳ፤ ወሬውን ሳያቋርጥ በጎኑ በኩል ቦዩ ውስጥ ገባ። ሙሉ በሙሉ። ሽንኩርት የሚኮተኩቱት ሰዎች መኮትኮቻቸውን ጥለው ሳቁ።

ሲወጣ «ሞቆኝ ነው፣ ሆን ብዬ ነው» አለ። «ጫማህስ?» ስለው «እሱም ሞቆት ነው» አለ።

ሰኞ ለፒያሳ በሙሉ እነግራለሁ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ነገርኩ። ያልሰማ የለም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ከገራዶ የመጡ አንዲት እናት የታችኛው መንጋጋቸውን ልክ ልወስድላቸው ነበር። ጄሶው እስኪገባ ሲያማርሩ፣ «የዚያ የጓደኛህ መኪና ቆሜ እጄን ሳውለበልብለት ጥሎኝ አለፈ። ፊቱን እንኳ አላዞረም። ምን አደረግኩት?» አሉኝ።

«ሞልቶበት ይሆናል፣ እናቴ።»

«ባዶ ነበር። ስለዚህ እኔን ነው የጠላኝ።»

አፋቸውን ሞላሁት። ቀለሙ ሰው አይጠላም። አጠገቡ የቆመ ተሳፋሪ ጥሎ መሄድ ደግሞ ከሃይማኖቱ ውጪ ነው።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ልጄ ሳሊሃ ኮምቦልቻ ነው የምትማረው። በየማለዳው በቀለሙ መኪና ትሄዳለች፤ እሷን ጋቢና ያስቀምጣታል፣ ረዳቱ ጸጋው ከኋላ ይሆናል። ዛሬ እራት ላይ እየሳቀች «ጋሽ ቀለሙ ጨዋታ ፈጥረዋል» አለች።

«ምን ዓይነት?»

«እንዳልተኛ ነው መሰለኝ። ‹ልጄ፣ በቀኝ ምን አለ?› ይላሉ። እኔ ‹አህያ› እላለሁ። ‹ወደ እኛ ናት ወይስ ወደ ጓሮዋ?› ይላሉ። ሐረጎን እስክንወርድ እንዲህ ነው። እኔ ስደክም ጸጋው ከኋላ ይመልሳል።»

ከሪማ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ቀለሙ ጨዋታ አዋቂ ነው።

ሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በጭጋግ ደግሞ ማንም ቢሆን ይጠይቃል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አልወጣንም። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ላኩበት። አልያዘኝም።

ህዳር 3፣ ማክሰኞ

ሥራ በዛ። የላይኛው ስድስት ጥርስ ተሰበረ፣ ገና ሳይደርስ። እኔ ነኝ የጣልኩት።

ህዳር 7፣ ቅዳሜ

እንደገና የሐርቡ መንገድ። ከፊት ነበርኩ፣ ቢጫዬን ለብሼ። እንዴት እንደጀመረኝ አላውቅም፤ ፔዳሉን ተውኩና ቀስ አልኩ። በግራው በኩል ሆኜ እንዲደርስብኝ አደረግኩ። ደረሰብኝ። ትከሻ ለትከሻ ሆንን። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ በቆሎ የጫነ ግመል ብቻ ከሩቅ ይታያል።

ቀለሙ ቀጥ ብሎ እያየ ይነዳል።

«ተውፊቅ» አለ፣ ጮክ ብሎ። «አትሩጥ እንጂ። የት ገባህ?»

እጄን ብዘረጋ ጆሮውን እይዘው ነበር። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ተመልሶ ሄደ።

«ተውፊቅ።»

ወደ ኋላ ቀረሁ፣ ዞርኩ፣ አፈጠንኩ፣ ከፊቱ ገባሁ። «አለሁ» አልኩት።

«ዛሬ ነፋስ ሆነሃል» አለኝ። ደስ ብሎታል።

ምናልባት ሐሳብ ይዞት ነበር። ምናልባት ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ነው።

ህዳር 8፣ እሑድ

ፀሐይዋ ከጀርባችን ነበረች።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ሳሊሃን ከነገ ጀምሮ በሌላ መኪና ሂጂ አልኳት። ለምን አለች። የቀለሙ ጋቢና ብርድ ያስገባል፣ ጉሮሮሽ አይችለውም አልኩ። «ጉሮሮዬ ምን ሆነ?» ብላ አፏን ከፍታ አሳየችኝ። ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም። ጥርሶቿም ያምራሉ። አባትሽ ያለሽን ስሚ ብዬ ወጣሁ። ይህ ክርክር የማያሸንፍ ሰው የሚለው ነገር ነው።

ህዳር 13፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ከሪማ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «ልጅቷን ከቀለሙ መኪና ለምን አስወረድካት?» አለች።

ውሸት ጀመርኩ። እስከ ግማሽ ሰማችኝ። ከዚያ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ግራው በኩል ነገርኳት። እሷም ማጣጠፏን አላቆመችም።

«የኛን አወረድክ» አለች። «የሌሎቹስ ልጆች?»

«ቁምጣዬን አይተሻል?» አልኳት። እሷ ግን ሄዳ ነበር።

ህዳር 14፣ ቅዳሜ

አብሬው ወጣሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ስለ ጎማ አወራን።

ህዳር 21፣ ቅዳሜ

ሐይቅ። ጾሙ ገብቷል፤ ቀለሙ ዓሣ አይቀምስም። እኔ ዓሣ ከውሃ የወጣ አትክልት ነው እያልኩ በየዓመቱ እፈታተነዋለሁ፤ እሱም አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንከው ይለኛል። ዛሬም ተባባልን። ከዚያ «ግራህን አታይም» አልኩት።

እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ። አኘከ። ዋጠ።

«ቀኜንም» አለ።

ውሃው ላይ አንድ ሰው ታንኳ ይቀዝፍ ነበር። ሁለታችንም እሱን አየን፣ ወይም እኔ አየሁት።

«ቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው» አለኝ። «ቱቦው ውስጥ ያለው ጥርት ብሎ ይታየኛል። ቢጫህን ከሩቅ አየዋለሁ። ከቱቦው ውጪ ግን ጨለማ እንኳ አይደለም። ምንም የለም። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታው ይጠብቀዋል።»

«መንዳት ተው አላሉህም?»

«ብለዋል። ሐኪም ያላለው ምን አለ? አንተንስ ጮማ ተው አላሉህም?»

«እኔ ጮማ ስበላ ሰው ጭኜ ሐረጎን አልወርድም።»

«ጸጋው ግራና ቀኜ ነው። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እነዳለሁ። ያንተም ልጅ ጎበዝ ነበረች። ለምን አስቀረሃት?»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። ዓሣውን ገፋሁት።

«ልጄን ዓይን አደረግካት» አልኩት። «ሳትነግራት። ሳትነግረኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። «መሪ ከመያዝ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ ተውፊቅ። ሚስቴ አረጋሽ እንኳ አታውቅም። ከዚያ ወንበር ወርጄ ማን ነው የምባለው? እስከ ገና ስጠኝ። ከገና በኋላ ራሴ አቆማለሁ፣ በጊዮርጊስ።»

እሺ አልኩ።

ይህችን «እሺ» ስጽፋት እጄ ከብዶኛል። ጥርስ ስሠራ እንዲህ የከበደኝ ጊዜ የለም። ስንመለስ ከፊት ሆኜ ቀስ ብዬ ነዳሁለት፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ በእጄ አሳየሁት። ደግ ሰው ነኝ አይደል።

ህዳር 22፣ እሑድ

ከሪማ፦ «ሐረጎ እስከ ገና ይጠብቃል ብሎሃል?»

ህዳር 28፣ ቅዳሜ

ቤት ዋልኩ። ጎማ ቀየርኩ። ያልፈነዳ ጎማ።

ታህሳስ 2፣ ረቡዕ

ጭጋግ። ከሱቄ በር ላይ ቆሜ ማዶ ያለው ካፌ አይታየኝም። አንድ ደንበኛ «ዛሬ ኮምቦልቻ ለመውረድ ሰባት ዓይን ያስፈልጋል» አለኝ። «ሂሳብ አትክፈለኝ፣ ብቻ ዝም በል» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ታህሳስ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬም ጭጋግ ነው። ቀለሙ «ሳይክሉ ይቅር፣ ዛሬ ተሳፋሪ አለ» ብሎ ላከብኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነበር። አንዱ ደዋይ የጥርስ ሳሙና የሚያከፋፍለው ነው፤ ያለ ጥፋቱ ጮህኩበት።

ታህሳስ 7፣ ሰኞ

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። የቀለሙ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ነው። ጋቢና ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። እንግዲህ ዛሬ «በቀኝ ምን አለ» ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ከመኪናው ፊት ሄጄ ቆምኩ፣ መሃል ለመሃል። እሱ የሚያየኝ እዚያ ብቻ ነው። አየኝ። ክላክስ አላደረገም።

እዚያው ቆሜ ለተሳፋሪዎቹ «ውረዱ» ብዬ ጮህኩ።

«ለምን ሲባል?» አለ አንዱ።

«ሹፌሩ ግራና ቀኙን አያይም።»

«በዚህ አገር ደግሞ ማን ያያል?» አለ ሌላው። መኪናው በሙሉ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴት «ጥርስ ሠሪው አይደል? ይሄኔ መኪና ገዝቶ ይሆናል፣ ተሳፋሪ ሊቀማ ነው» አለች። ሰው ተሰበሰበ። ጸጋው መጥቶ አንገትጌዬን ያዘ፤ ወጣት ነው፣ ክንዱ ብረት ነው።

«በሰው እንጀራ ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ጸጋው» አልኩት። «እናትህን በዚህ መኪና ትልካታለህ?»

አንገትጌዬን እንደያዘ ቆየ። ዓይኑ ቀላ። ከዚያ ለቀቀኝና ሄዶ ተንሸራታቹን በር ከፈተው። «ውረዱ» አለ። «እውነቱን ነው። እኔም ደክሞኛል።»

ቀለሙ ሞተሩን አጠፋ። በፊት መስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ አየኝ። እንዲህ ያየኝ ሰው የለም። በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ማንንም ሳያናግር ወደ ግራ ታጠፈ፣ እና አንዲት ሴት መሬት ላይ የከመረችውን ብርቱካን በእግሩ በተነው። ብርቱካኖቹ መኪናው ሥር ተንከባለሉ። እሱ ምን እንደመታ ለማየት አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ፣ አላገኘውም።

ያኔ ሳቁ ቆመ። ሕፃን የታቀፈችው ሴት «ውይ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ላነሳለት ጎንበስ አልኩ። «አትንካኝ» አለኝ። የነካሁት ብርቱካን ነበር።

ታህሳስ 9፣ ረቡዕ

ፒያሳ እንዲህ ይላል፦ ቀንቶበት ነው። ሌላው፦ ጓደኛውን በአደባባይ አዋረደው፣ ቤቱ ሄዶ ቢነግረው ምን ነበር? ሦስተኛው፦ እስካሁን እያወቀ ዝም ያለው ለምንድን ነው?

ሦስተኛው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ታህሳስ 15፣ ማክሰኞ

አረጋሽ ሱቅ መጣች። የቀለሙ ባለቤት ናት፣ እኔን ከወንድሞቿ ለይታ አታውቅም ነበር። ወንበሩ ላይ አፋቸው ጄሶ የሞላ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ መሄድም መናገርም አይችሉም። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ማንኪያዬን እንደጋሻ ያዝኩ።

«ትሪው ላይ» አለች፣ «በጠርዝ በኩል ያለውን ወጥ ሁልጊዜ ይተዋል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። መሃሉን ብቻ በልቶ እጁን ይታጠባል። እኔ ጠርዙን እጨርሳለሁ።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ለእኔ እየተወልኝ መስሎኝ ነበር፣ ተውፊቅ። ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። በዚህ ዕድሜው ፍቅር ጀመረው ብዬ።»

አዛውንቱ በጄሶው ውስጥ አንድ ነገር አሉ። «አብሽሪ» ለማለት ይመስለኛል። አረጋሽ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ የምሠራው ጠፍቶኝ ወንበር አቀረብኩላት። አልተቀመጠችም። «እሱ ገና አያናግርህም» አለች። «እኔም አላውቅም ላናግርህ እንደሚገባኝ። ግን አንተ ስላስቆምከው የሰው ሬሳ ይዞ ቤቴ አልገባም።» ወጣች።

ጄሶው ከልኩ በላይ ደርቆ ነበር። አዛውንቱን ለማላቀቅ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ታገልን።

ታህሳስ 29፣ ገና

በየዓመቱ ከቀለሙ ቤት ነበርን። ለእኛ ለብቻ፣ በእስላም እጅ የታረደ ዶሮ ያዘጋጁ ነበር፤ አራጁ እኔ ነበርኩ፣ ዶሮው ሁልጊዜ ያመልጠኛል፣ ቀለሙ ይይዝልኛል።

ዘንድሮ ማንም አልጠራንም። ከሪማ ምስር ሠራች። ሳሊሃ «ልደውልላቸው?» አለች። ተዪው አልኩ። በኋላ ጓዳ ገብታ ደውላ ሰማኋት፤ «እንኳን አደረሰዎ ጋሽ ቀለሙ» ስትል። ከዚያ ብዙ ጊዜ እየሰማች ቆየች፣ «እሺ… እሺ… እኔ አልተቀየምኩዎትም» አለች። ምን እንዳላት አልጠየቅኳትም። እሷም አልነገረችኝም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

አየሁት። ፒያሳ መታጠፊያው ላይ ሚኒባሱ መጣ፣ መሪው ላይ ጸጋው። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ» የሚለው ማን ይሁን? ባለቤቱ። ቀለሙ። ድምፁ እንደ ሙአዚን ነው፤ ይህን ያህል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። አንዲት ሴት «ረዳቱ አርጅቷል» ስትል ሰማው። «መኪናውም አርጅቷል፣ እህቴ፣ ተሸካክመን እንሄዳለን» አላት። ሳቁለት።

ከጎን ቆሜ ነበር። አላየኝም። እኔም አልተጣራሁም። ጀግንነቴ በመናኸሪያ አልቋል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ከሪማ ከፈተች። ቀለሙ ሳይክሉን ይዞ ቆሟል፣ ከቤቱ እስከ እኛ ሰፈር ሆጤ በእግሩ እየገፋ ነው የመጣው።

«አለ?» አላት።

«ቁምጣው ውስጥ ለመግባት እየታገለ ነው» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ድምፁን እንደሰማሁ ነው መታገል የጀመርኩት።

ሐይቅ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከፊት ሆንኩ፣ በእጄ ጉድጓድ አሳየሁ። ውሃው ዳር ተቀመጥን። ዓሣ አዘዘ፣ በላ፤ ጥርግ አድርጎ ከመሃልም ከጠርዝም፣ ሳህኑን በእጁ እያዞረ። ይህን አረጋሽ ናት ያስተማረችው። አጥንቱን ብቻ አስቀረ።

«ይቅር አላልኩህም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ቤቴ መጥተህ ብትነግረኝ እሰማህ ነበር።»

«አትሰማኝም ነበር።»

አሰበበት። «አልሰማህም ነበር» አለ።

መመለሻው ዳገት ነው። ክረምቱንም በጋውንም የበላሁት ጮማ ዛሬ ተሰብስቦ መጣብኝ። ግማሹ ላይ እግሬ አልታዘዝ አለ፣ ትንፋሼ እንደ አሮጌ ወናፍ ይጮኻል። ወርጄ እንዳልገፋ አፈርኩ። ያኔ ጀርባዬ ላይ እጅ አረፈ። ቀለሙ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ፣ በሌላው እየገፋኝ ነው፣ እንደ ልጅነታችን። አመሰግናለሁ ለማለት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ዳገቱ አለቀ። ሜዳው ላይ ወጣን፣ ቦሩ ሜዳ ከፊታችን ተዘረጋ፣ አሁን መገፋት አያስፈልገኝም። እጁን ግን አላነሳውም።

እኔም አንሳ አላልኩትም። እስከ ደሴ እንደዚያው ሆነን ገባን።